የአውጫጭኙ ሦስተኛ ጆሮ

በቅሎዋ ዳገቱን ስትያያዝ ልጓሙን የጨበጠው ቢያድግልኝ ነበር። አስናቀው የአባቱን ምርኩዝ ተሸክሞ፣ ከኮቴዋ የሚፈናጠረውን ጭቃ በሱሪው እየተቀበለ ከኋላ ይከተላል። ከቤት ሲወጡ ሽማግሌው አባቱ ኮርቻው ላይ እንደ ተደላደሉ ሁለት እጆች እኩል ወደ ልጓሙ ተዘርግተው ነበር። የቢያድግልኝ ቀደመ፤ በቃ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ከነገር አይቆጥረውም። አስናቀው ግን እንዲህ እንዲህ ያለውን ሲቆጥር ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ አንዱም አልጠፋበትም።

«ቀስ በል አንተ!» አሉ አዛውንቱ ከኮርቻው ላይ።

«ይዣታለሁ አባየ፣ አይስጉ።»

«አንተን አይደለም፤ አስናቀውን ነው። ከኋላዋ አትጠጋ፣ ትራገጣለች!»

አስናቀው ከዚህ ሁሉ የሰማው ቁጣውን ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ።

ቀኑ ግንቦት 27፣ የ2013 ዓመተ ምሕረት መድኃኔዓለም ነው። ቀንበር የሚነሳበት ቀን ስላልሆነ የዋንዛ ምንጭ ሰው ባልና ሚስቱ፣ ጎረምሳና ኮረዳው ሳይቀር ከጅጋ በታች ወዳለው የዋርካ ሜዳ ይጎርፋል። የሚሄዱት ለአውጫጭኝ ነው። አድራጊው ያልታወቀ ክፉ ነገር ሲፈጸም አገሩ ይሰበሰባል፤ ግዝት ይጣልበታል፤ ያየውንና የሰማውንም ያወጣል። ሦስት ሰዎች «ጆሮ» ተብለው ይመረጡና ሕዝቡ አንድ በአንድ እየቀረበ ቃሉን በሹክሹክታ ይሰጣቸዋል። አይቶ የሚናገረው ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፏ ማን እንደሆነች ጆሮዎቹ እስኪሞቱ አይተነፍሱም። ሁሉም ቃሉን ሰጥቶ እስኪያበቃ ደግሞ ከሜዳው ንቅንቅ የሚል የለም።

የዛሬው ነገር የበርበሬ ችግኝ ነው። ባለፈው እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ የስድሳ ሁለት ቤተሰብ ችግኝ የፈላበት የጋራ መደብ ከብት ገብቶበት ድምጥማጡ ጠፋ። ለመተከል ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የአጥሩ በር ተከፍቶ ተገኘ፤ ከብት ደግሞ የታሰረ በር አይፈታም።

በሩን የፈታው ማን እንደሆነ አስናቀው ያውቃል። ራሱ ነው።

ችግኙን ያፈላው ቢያድግልኝ መልካሙ በሰኔው ምርጫ ለክልል ምክር ቤት በግሉ የሚወዳደር ሰው ነው። ፍኖተ ሰላም ባሳተመው ወረቀት ላይ ፎቶውና የምርጫ ምልክቱ ቀፎው ጎን ለጎን ወጥተዋል፤ ከሥራቸው ታሪኩ ተጽፏል። ትውልዱ ከቡሬ ወዲያ፣ ከአዊ ወገን ነው። አባቱ መልካሙ ሁመራ ሰሊጥ ሊያርም ወርዶ በወባ እዚያው ቀረ፤ እናቱም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆየች። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከአገውኛ በቀር አንድ ቃል ሳያውቅ፣ የሟቹ ወዳጅ ዳኛ ታከለ ከቡሬ ገበያ በበቅሎ አፈናጥጠው አመጡት። ጅጋ ፊደል ቆጠረ፤ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰ፤ እርሻ ተማረ። ቡሬ ዙሪያ በርበሬውን የሚያጠወልገውን በሽታ ሲያሳድድ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረና ሥራውን ትቶ ያሳደገው አገር ገባ።

ቢመረጥ ምን እንደሚይዝም ጽፎታል። ከበሽታ የጸዳ ችግኝ በየቀበሌው እንዲፈላ፣ ማዳበሪያ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ዝናቡን ቀድሞ እንዲደርስ ይላል። ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ግን ሽምግልናውን ነው። በአንድ ክንድ ወሰን ሦስት ዓመት ፍኖተ ሰላም መመላለስ ይቅር፤ አውጫጭኙም እርቁም በሕግ ይታወቅ፤ ሴቶችም ከሸንጎው ውጭ ቆመው አይስሙ፣ ገብተው ይፍረዱ ብሏል። አንዳንድ ሽማግሌ በዚህኛው ላይ ጉሮሮውን ጠራርጓል። ቢሆንም የመጨረሻውን አንቀጽ ሲሰማ ያልራራ ሽማግሌ አልነበረም። «ከሁሉ በፊት እውነት» ይላል፤ «ይህንንም የተማርሁት ከአባቴ ከዳኛ ታከለ ነው። እኔ ያደግሁት ውሸት ከማያውቅ አንደበት ሥር ነው።»

ከአባቴ! አስናቀውን እንደ እሾህ የወጋችው ይህች ቃል ናት። የእሱ ስም ከላይ እስከ ታች ቢፈለግ ወረቀቱ ላይ የለም።

ውሸት የለበትም መቼም። ዳኛ ታከለ በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ሹመቱ ከንጉሡ ጋር ሄደ፤ ስሙ ቀረ። አሁን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው የቅርቡን ባይለይም የሩቁን እንደ ወጣት ያያል። በደርግ ጊዜ መሬታቸውን የወሰደባቸውን ሰው ጠመንጃ ደብቋል ብለው እንዲመሰክሩበት ካድሬዎቹ ቢለምኗቸው «ሳላየው?» ብለው አሳፍረው መልሰዋቸዋል። በገዛ ወንድማቸው ላይ ደግሞ ስላዩ መስክረዋል፤ ወንድምየው እስኪሞት አላናገራቸውም። ስለዚህ በዋንዛ ምንጭ ጠብ ሲነሳ ሰው «ዳኛው አይተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። አይተው ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አስናቀው የእኚህ ሰው አንድያ ልጅ ነው። ቢያድግልኝ ሲመጣ አስናቀው አሥር ዓመቱ ነበር። «ውሃ» ማለትን፣ «ራበኝ» ማለትን ለዚያ ልጅ ያስተማረው እሱ ነው። አንድ ቆዳ ላይ ተኝተዋል። ከዚያ አንድ መስከረም ላይ አባቱ ለአንደኛው ደብተር፣ ለሌላኛው ጅራፍ ይዘው ከጅጋ መጡ። «አንተ መሬት አለህ» አሉት፤ «ይህ ልጅ ምን አለው? ትምህርት ካልሰጠሁት ምን ልሰጠው ነው?» ነገሩ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ነው አስናቀውን ሲያቃጥለው የኖረ። የሚከራከርበት ነገር እንኳ አልተወለትም። አባቱ ቢበድሉት ይጣላቸው ነበር፤ አልበደሉትም፤ ዝም ብለው ሌላውን ወደዱበት።

ቅናት ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ የከበረ ስም አንፈልግለት። አስናቀው ክፉ ሰው አይደለም። ለጎረቤት በሬ ያበድራል፤ በለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው። ቢያድግልኝ «አባየ» ባለ ቁጥር ግን ሥራ ፈልጎ ከቤት ይወጣ ነበር።

ቅዳሜ ማታ እራት ላይ የአስናቀው ልጅ ያምሮት ወረቀቱን ለአያቷ አነበበችላቸው። የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ሽማግሌው «ድገሚልኝ» አሉ። ደገመች። «እስቲ አንድ ጊዜ» አሉ። ሦስተኛውን ስታነብ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አስናቀው አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም፤ እናቱ የተቀበሩ ዕለት እንኳ።

በማግሥቱ እሑድ ከብት ሊያሰማራ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። የቅዳሴው ዜማ ከማዶ ይሰማል። መደቡ ጋ ሲደርስ ችግኙ በሣር ዳሱ ሥር ጥቅጥቅ ብሎ፣ ለምልሞ ያምራል። ከበሩ ምሰሶ ላይ የቢያድግልኝ ፎቶ ፈገግ ብሏል። አስናቀው የበሩን ልጥ ፈታ፤ ሁለቱን ጊደሮች ወደ ውስጥ ነዳ። ቆሞ አያቸው። ሲያይ ደግሞ ደስ አለው፤ ይህን ከራሱ አልደበቀም። ጊደሮቹ ገሚሱን ግጠው ገሚሱን ረግጠው ሲጨርሱ ነድቶ አወጣቸውና ቀና አለ። ከማዶ፣ ከራሳቸው ቤት በረንዳ ላይ አባቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወገባቸውን ስላመማቸው ከቅዳሴ ቀርተዋል፤ እሱ አላወቀም ነበር።

ሽማግሌው ዞር ብለው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ቀን። አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ሰኞ ጠዋት ብቻ «ጊደሮቹ ደህና አደሩ?» አሉት። ከዚያ በፊት ስለ ጊደር ጠይቀውት አያውቁም። አስናቀው «ደህና ናቸው» ብሎ ወጣና እስኪረፍድ በረቱ ውስጥ ቁጭ አለ።

ከፍኖተ ሰላም ፖሊስ እንላክ ብለው ለቢያድግልኝ ስልክ ደውለውለት ነበር። እንቢ አለ። «ሽምግልና ይታወቅ እያልሁ ስሰብክ ከርሜ የራሴ ነገር ሲመጣ ፖሊስ ልጥራ? አውጫጭኝ ይጠራ» አለ። ምርጫው ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ወፍ ካልተገኘች መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል፤ እያወቀ ገባበት። እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አስናቀውም ይህን ነው የማይችልለት።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ሰዉ ለዳኛው ተነሣ። ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን አሳልመው ጉባኤውን ከፈቱ። የጆሮዎቹ ምርጫ ላይ የመጀመሪያው እሳቸው ራሳቸው ሆኑ። ሁለተኛዋ እትየ እንቁ ናቸው፤ ግማሹን አገር በእጃቸው ያዋለዱ ባልቴት። ሴት ጆሮ ሆና የማታውቅበት አገር ነውና ጉምጉምታ ተነሣ። ቢያድግልኝ ሳቅ ብሎ «ስትወለዱ ያያችሁትን የመጀመሪያ ሰው ነው የምትፈሩ?» ሲል ሰዉ ሳቀ፤ አለፈ።

«ሦስተኛው ዳኛው ይሁኑ!» አለ ሕዝቡ።

ዳኛ ታከለ እጃቸውን አነሱ። «እኔ እንደ ሰዉ ቃሌን እሰጣለሁ እንጅ ጆሮ አልሆንም። ደክሜያለሁ፤ ሌላ ፈልጉ።»

ያኔ ቢያድግልኝ ወደ መሐል ወጣ። «እኔ ተበዳይ ስለሆንሁ አይገባኝም። ግን ከዳኛው ቤት ሰው ካልጠፋ፣ አስናቀው አለ አይደል? አገር ያውቀዋል። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ቃል ያዛባል የሚል አለ?»

«የለም! አስናቀው ይሁን!»

አስናቀው ስሙ ከመቶ አፍ ሲወጣ ሰማ። ይህን አንድ ጊዜ ለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቷል! ዛሬ ግን የሰጠው ቢያድግልኝ ነው፤ ክብሩን እንኳ ከእሱ እጅ ሊቀበል ነው። እንቢ ቢል ለምን ይባላል። አባቱን አያቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። ሄዶ ከቄሱ ጎን ተቀመጠ።

ከግንዱ ጀርባ ጋቢ ተጋርዶ ሦስቱ ጆሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ በሰልፍ እየገባ መስቀሉን ጨብጦ ይምላል። «ያየሁትን ብሸሽግ ዓይኔን፣ የሰማሁትን ብደብቅ ጆሮዬን፤ ዘሬም እህሌም አይባረክ» ይልና ቃሉን ይሰጣል። አብዛኛው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ አለፈ። ታንጉት የምትባለው ጠላ ሻጭ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ካነሣችሁት አይቀር ግን ጌሾየን ማን እንደሸመጠጠው አብራችሁ ጠይቁልኝ» አለች።

«ለሱ ሌላ ቀን እንሰበሰባለን፤ ሂጅ» አሏት እትየ እንቁ።

እየቆየ አንድ ስም መምጣት ጀመረ። ዘሩ። ዘሩ የሌላኛውን ዕጩ ፎቶ በየአጥሩ ሲለጥፍ የከረመ፣ ፍየሎቹም ዘለው የማይገቡበት የሌለ ደኃ ነው። የመጀመሪያው ሰው «ዘሩ ይመስለኛል» አለ። ቄሱ ተቆጡ። «መሰለኝ ወፍ አይደለም። አየሁ በል፣ ወይ ሂድ።» ሰውየው ሄደ። ሁለተኛ መጣ፤ ሦስተኛ መጣ፤ ያው ነው። ሦስት ሰው የጠረጠረው ደግሞ፣ ወፍ ባይኖርም፣ ልጆቹን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻውን ይምላል። እስኪምልና እስኪጠራ ድረስ እሳት የሚያበድረው፣ ወንፈል የሚገባለት የለም። ክረምት እየገባ ወንፈል ያጣ ደኃ ምን እንደሚሆን አስናቀው ያውቃል።

ዘሩ ራሱ ገባ። መስቀሉን ጨብጦ ማለ። «እኔን እንደምትሉ አውቃለሁ» አለ። «እሑድ ጅጋ እኅቴ ዘንድ ክርስትና ነበርሁ። አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ከዚያ ወደ አስናቀው ዞረ። «አንተ እንኳ ታውቀኛለህ። የዳኛው ልጅ ካለበት አልፈራም።»

አስናቀው ራሱን ነቀነቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

ቢያድግልኝም እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን ጠብቆ ገባ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። ሊወጣ ሲል ቆም አለ። «አስናቀው፣ ፊትህ ጠቁሯል፤ ታመሃል እንዴ? ውሃ ልላክልህ?»

«አልፈልግም።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ጋቢው ከኋላው ሲዘጋ አስናቀው በሆዱ «አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ሁንልኝ» አለ።

ፀሐይ አናት አለፈች። መጨረሻ የቀሩት ዳኛ ታከለ ናቸው።

ያምሮት ደግፋ አስገብታቸው ወጣች። እትየ እንቁ የተቀመጡበትን ድንጋይ ሊለቁላቸው ሲነሱ «ተይ፣ ቃል በቁም ነው የሚሰጥ» አሏቸው። ለአስናቀው ነገሩ አለቀ። እኚህ ሰው በወንድማቸው ላይ የመሰከሩ ናቸው። አሁን አፋቸውን ከፍተው «ልጄ አስናቀው ነው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ» ይላሉ። ቢያድግልኝ ውጭ ቆሞ ሁሉንም ያገኛል፤ ሕዝቡን፣ ምክር ቤቱን፣ አባቱንም ለዘለዓለሙ። የፈራው ቅጣቱን አልነበረም። የፈራው ይህን ነው።

ሽማግሌው መስቀሉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። መሐላውን ሌላው ሰው እንዳደረገው አላቻኮሉትም፤ ቃል በቃል አሉት። «ያየሁትን ብሸሽግ… ዓይኔን። የሰማሁትን ብደብቅ… ጆሮዬን። ዘሬም… እህሌም አይባረክ።»

ከዚያ ቀና አሉና ልጃቸውን አዩት። የቅርቡን የማያየው ዓይናቸው ፈልጎ አገኘው።

«አላየሁም» አሉ። «አልሰማሁም።»

ቄሱ የሽማግሌውን ትከሻ ሳሙ። እትየ እንቁ በረጅሙ ተነፈሱና «እንግዲህ ዳኛው ካላዩ ማን ያያል?» አሉ። ዳኛ ታከለ መስቀሉን ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ቄሱ ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቅቀው ወሰዱላቸው። ሲወጡ የጋቢው መጋረጃ ራሳቸው ላይ ተጠመጠመ፤ ማን አላቆ እንዳወጣቸው አስናቀው አላየም። ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር።

ለእኔ! አለ በልቡ። ለእኔ ነው! ሰማንያ አራት ዓመት አንድ ቃል ያላዛቡት ሰው በመስቀል ፊት፣ ዓይናቸውን ዘራቸውን አስይዘው ለእኔ ዋሹ። ይህን ቢያድግልኝ አላገኘም፤ በወረቀት ሙሉ ምስጋና አይገዛም። ደስታው ደረቱን ሊቀድደው ደረሰ። ይህ ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆየ። ወዲያው ደግሞ ምን እንዳደረጋቸው ገባው። የእኚያን ሰው ሀብት እሱ ነው ያስበላ፤ ከሁለት ጊደሮች ጋር ቆሞ፣ ደስ ብሎት እያየ።

«አስናቀው» አሉ ቄሱ፤ «ከጆሮዎቹ ታናሹ አንተ ነህ። ሕጉ እንደሚያዝዘው ወጥተህ ተናገር። ወፍ አልተገኘችም፤ ሦስት ሰው የጠረጠረው ዘሩ ከነልጆቹ ይምላል በል።»

ወጣ። የዋርካው ሥር ላይ ቆመ። ዘሩ ትንሿን ልጁን ታቅፎ ከፊት ተቀምጧል። ከማዶ አባቱ ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ ጋቢያቸውን ያስተካክልላቸዋል።

«ወፍ አልተገኘችም» አለ አስናቀው። ድምፁ ተሰነጠቀ። «የምትገኝም አይደለች። ማንም አላየኝምና። በሩን የፈታሁ እኔ ነኝ። ጊደሮቹ የእኔ ናቸው። ዘሩን ተዉት።»

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች፤ ሜዳው እንደ ገበያ ጮኸ። ከኋላ አንዱ ድንጋይ አነሣ፤ ሌላው እጁን ያዘው። «ለምን? ለምን?» ይላሉ። አስናቀው ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ፖለቲካ ነው ሊል ይችል ነበር። «ቀንቼ ነው» አለ። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ያኔ ዳኛ ታከለ ተነሡ። ምርኩዝ አልያዙም። ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ማንም አላየኝም ያለውን አትመኑት» አሉ። «አይቸዋለሁ። በረንዳየ ላይ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቸዋለሁ። እሱ የኔን መሐላ ሊሸፍን ብሎ ነው። በመስቀል ፊት የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ «ዳኛው አይተዋል?» ሲባልላቸው የኖሩት ሰው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ እያለቀሰ ተነሥቶ ሄደ። አስናቀው ከሥሩ ወርዶ አባቱ እግር ሥር ተደፋ። ሽማግሌው እጃቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ።

ፍርዱ ረጅም አልሆነም። አስናቀው የራሱን የበርበሬ መደብ ለስድሳ ሁለቱ ቤት ነቅሎ ያካፍላል፤ የጎደለውን እስከ መስከረም በጉልበቱ ይከፍላል። ዘሩን የጠረጠሩ ሁሉ ቤቱ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁታል። የዳኛውን ነገር ቄስ ክንፈሚካኤል «ከነፍስ አባታቸው ጋር ይጨርሱታል፤ እኛ አንገባበትም» ብለው ዘጉት። እትየ እንቁ መጨረሻ ላይ «ዕጩውስ ይቅር ይላል ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ቢያድግልኝ «ብያለሁ» አለ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። ሁልጊዜ ለሕዝብ የሚናገረው የማያጣ ሰው ነበር።

ሰዉ ሲበተን አስናቀው ከግንዱ ጀርባ የተጋረደውን ጋቢ ሊፈታ ሄደ። ቢያድግልኝ እዚያ ቆሞ አገኘው። ምርጫውን ያነሣል ብሎ ጠበቀ። ከነገ ወዲያ ፍኖተ ሰላም ላይ ክርክር አለው፤ ውሸት የማያውቀው አንደበት መዋሸቱን በመቶ ሰው ፊት ተናግሯል፤ ወረቀቱ በየቤቱ ተለጥፏል።

«ምታኝ» አለው አስናቀው። «ሰው የለም።»

«አልመታህም።»

«እንግዲያ ተናገረኝ። ችግኙን አጠፋሁብህ፤ ስምህን አበላሸሁብህ።»

«ችግኝ ይፈላል» አለ ቢያድግልኝ። ወደ ሜዳው አየ። ዳኛ ታከለ ያምሮት ትከሻ ላይ ተደግፈው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእውነት መልስልኝ። በሩን የፈታሁ እኔ ብሆን ኖሮ… አባየ ይምሉልኝ ነበር?»

አስናቀው ፊቱን አየው። ያንን ፊት ያውቀዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ራሱ ለብሶት የኖረው ፊት ነው፤ እዚህ ሰው ላይ ግን አይቶት አያውቅም ነበር። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶታል! አሁን ሲመጣ ደስ አላለውም። «ይምሉልህ ነበር» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«አላውቅም» አለ።

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለ ቢያድግልኝ። «ይመሰክሩብኝ ነበር። ወረቀቴ ላይ አመስግኘ የጻፍሁት እኮ ይህንኑ ነው።»